ታክሲ በስልክ ጥሪ፦ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? የአዲስ አበባ ልምድና የመቐለ ባጃጆች

በመቐለ ከተማ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ገበያውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመመለስ ባጃጅ የሚያስቆም ሰው ከሹፌሩ ጋር የሚለዋወጠው ቃል አጭር ነው። መድረሻውን ይናገርና «ሓወይ፣ ክንደይ?» ይላል። ሹፌሩ ዋጋ ይጠራል፤ ተሳፋሪው ይቀንሳል፤ ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ሌላ ባጃጅ ይጠበቃል። ዝናብ ከመጣ፣ ከመሸ ወይም ነዳጅ ከጠፋ ዋጋው ከፍ ይላል። ተሳፋሪው ለከተማው እንግዳ መሆኑ ከታወቀም እንዲሁ።

በአዲስ አበባ ይህ ድርድር ባለፉት ዐሥር ዓመታት ለብዙ ተሳፋሪ ቀርቷል። ተሳፋሪው ስልኩን ይነካል ወይም ይደውላል፤ መኪናው ካለበት ይመጣል፤ ግምታዊ ሒሳቡም አስቀድሞ ተሰልቶ ይታያል። አገልግሎቱ ቀድሞ ስሙ በገነነው ድርጅት በደፈናው «ራይድ» እየተባለ ይጠራል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ ከውስጥ እንዴት እንደተደራጀ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች አገሮች ለተሳፋሪውም ለሹፌሩም ምን እንዳመጣ፣ እንዲሁም በባጃጅ ለምትንቀሳቀሰው መቐለ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያስነሳ ያብራራል።

አሠራሩ

በዲጂታል ስምሪት ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ተሳፋሪው፣ ሹፌሩና ሁለቱን የሚያገናኘው ድርጅት። አገናኙ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መኪና የለውም፤ ሹፌርም አይቀጥርም። ያለው ሶፍትዌር ነው። የሹፌሩ ስልክ ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት መኪናው ያለበትን ቦታ በየጥቂት ሰከንዱ ለድርጅቱ ኮምፒውተር ይልካል። ተሳፋሪ ጥሪ ሲያቀርብ ሶፍትዌሩ በአቅራቢያው ያለና ሰው ያልጫነ መኪና ይመርጣል፤ ሹፌሩ ጥሪውን ሲቀበል ስሙና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ለተሳፋሪው ይደርሰዋል። ሒሳቡ የሚሰላው በመነሻ ክፍያ፣ በተጓዘው ኪሎ ሜትርና በወሰደው ጊዜ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ፈላጊ ሲበዛና መኪና ሲያንስ ታሪፉን በራሱ ከፍ የሚያደርግ ስሌት ይጨምሩበታል። ድርጅቱ ገቢውን የሚያገኘው ከእያንዳንዱ ጉዞ ከሚቆርጠው ኮሚሽን ነው።

የገጠሩን ገበያ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ጤፍ ወይም ሰሊጥ ጭኖ ከተማ የገባ ገበሬ ብዙ ጊዜ ገዢ የሚያገኘው በደላላ በኩል ነው። ደላላው እህልም መጋዘንም የለውም፤ ማን ምን እንደሚፈልግ ማወቁ እንጀራው ነው። የስልኩ መተግበሪያም በመሠረቱ ደላላ ነው። ይሁን እንጂ የእህል ደላላው ፊቱ ይታወቃል፤ ገዢና ሻጭ ካልተመቻቸው ያልፉታል፤ ሚዛኑም የሌላ ሰው ነው። በመተግበሪያው ግን ደላላው፣ ሚዛኑና ዋጋ ጠሪው አንድ ሆነዋል።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ምርት ገበያው ዋጋን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ አወጣ፤ ነገር ግን ዋጋው ራሱ የተገኘው ገዢና ሻጭ በግብይት አዳራሹ ውስጥ ተጣርተው ሲስማሙ ነው። መተግበሪያውም ዋጋን ለሁለቱም ወገን ያሳያል፤ በዋጋው አወሳሰን ውስጥ ግን ሻጩም (ሹፌሩ) ገዢውም (ተሳፋሪው) የሉበትም። ዲጂታል ስምሪት በደረሰበት አገር ሁሉ የተነሱት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህች ነጥብ የሚመነጩ ናቸው።

ከላዳ እስከ ራይድ

በአዲስ አበባ የኮንትራት ታክሲ ማለት ለረጅም ዘመን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባች ላዳ ነበረች። ሒሳቧ በድርድር ነበር፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ድርድሩ ይከብዳል። የሶፍትዌር ባለሙያዋ ሳምራዊት ፍቅሩ አምሽተው ከሥራ ሲወጡ ይጠየቁ የነበረው ዋጋና በማያውቁት ሰው መኪና የመሳፈር ስጋት ለሐሳባቸው መነሻ እንደሆናቸው በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ተናግረዋል። ያቋቋሙት ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ራይድን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጀመረ፤ የስማርት ስልክ መተግበሪያው የመጣው በ2017 ነው። ከዚያም ዛይራይድ፣ ፈረስና ሌሎች የአገር ውስጥ ድርጅቶች ወደ ሥራው ገቡ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ መነሻው የሩሲያው ያንዴክስ ኩባንያ የሆነው ያንጎ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ቁም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ኡበር ደንበኛው ስማርት ስልክና የባንክ ካርድ ይዟል ብሎ የተነሳ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም የብዙኃኑ አልነበሩም። ስለዚህ አሠራሩ ከአገሩ ልክ ጋር ተሰፋ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በአራት አሃዝ ቁጥር ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል፤ ኦፕሬተሯ ያለበትን ቦታ ጠይቃ ጥሪውን በሶፍትዌሩ ለሹፌር ታስተላልፋለች። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ስለሚፈጸም ድርጅቱ ኮሚሽኑን ከተሳፋሪው ክፍያ ላይ መቁረጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሹፌሩ በቅድሚያ በሒሳቡ ገንዘብ ያስገባል፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከዚያ ላይ ይቀነሳል፤ ሲያልቅ ጥሪ አይመጣለትም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ይህንን የገንዘብ ዝውውር አቅልሎታል። ወደ ክልል ከተሞች የሚሄድ ማንኛውም ተመሳሳይ አገልግሎት ከኡበር ይልቅ ከዚህ የጥሪ ማዕከል አሠራር የሚማረው ይበልጣል።

መንገዱ ያለ ውዝግብ አልተጓዘም። በኢትዮጵያ የሰሌዳ አሰጣጥ ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ተሽከርካሪ መለያ ነው። በዲጂታል ስምሪት ከሚሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ ባለ ኮድ 3 ናቸው። የባለ ኮድ 2 መኪና ባለቤቶች በትርፍ ሰዓታቸው ይሥሩ ወይስ አይሥሩ የሚለው ጉዳይ አገናኝ ድርጅቶችንና የትራንስፖርት ተቆጣጣሪውን ሲያከራክር ቆይቷል። ከጥያቄው ጀርባ ያለው የነባሮቹ ታክሲዎች አቤቱታ ነው፦ ለታክሲነት ፈቃድ አውጥቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ተራ ጠብቆ የሚሠራ ሰው ምንም ዓይነት መለያ ሳይኖረው ከሚመጣ መኪና ጋር እንዴት ይወዳደር?

ተሳፋሪው ያገኘውና ያላገኘው

የተሳፋሪው ጥቅም ግልጽ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ከሆቴል ሥራ በእኩለ ሌሊት የምትወጣ አስተናጋጅ የሚመጣላትን መኪና ሰሌዳ አስቀድማ ታውቃለች፤ ለቤተሰቧም ልታስተላልፈው ትችላለች። ጉዞው ተመዝግቦ ይቀራል። ዕቃ የረሳ ሰው የሚጠይቅበት ቦታ አለው፤ ከመጠን በላይ የተጠየቀም እንዲሁ። ጥበቃው ግን በአንድ ወገን ብቻ እንዳይታይ ማስታወስ ይገባል። ጥሪ አቅርበው ሹፌሩን ወደ ጭር ያለ ስፍራ በመውሰድ መኪናውን የዘረፉ፣ ሕይወት ያጠፉም ወንጀለኞች በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ተሳፋሪው የሹፌሩን ስምና ሰሌዳ ሲያውቅ ሹፌሩ ስለ ተሳፋሪው የሚያውቀው ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው።

ሰፊው የከተማ ነዋሪ የሚጓዘው ግን አሁንም በእግሩ፣ በሚኒባስ፣ በአንበሳና በሸገር አውቶቡስ ነው። መተግበሪያ የሚያመጣው መኪና አንድን ቤተሰብ ወይም አንድን ሰው ይጭናል፤ መንገድ ላይ ግን ሙሉ የመኪና ቦታ ይይዛል። ስምሪቱ የግል መኪናን አስቀርቶ የመንገድ መጨናነቅን ያቃልላል የሚለው ተስፋ በሳን ፍራንሲስኮ ተፈትሾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ2010 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በሥራ ቀናት የተሽከርካሪዎች መጓተት በ62 በመቶ ጨምሮ አግኝቶታል፤ የስምሪት መኪኖቹ ባይኖሩ ጭማሪው 22 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር አስልቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ መኪኖቹ ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶአቸውን የሚነዱት ርቀት ነው። ሳን ፍራንሲስኮና የኢትዮጵያ ከተሞች በሀብትም በመኪና ብዛትም አይገናኙም፤ ባዶ የሚነዳ መኪና ነዳጅ መፍጀቱ ግን የትም አንድ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በስምሪቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪኖች መታየታቸው የነዳጁን ጉዳይ በከፊል ያቃልል ይሆናል፤ የመንገዱን ጥበት አያሰፋም።

የሹፌሩ ሒሳብ

መኪናውን ወይም ባጃጁን የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ለባለቤቱ ያስገባል፤ በሥራው ቋንቋ ይህ «ገቢ» ይባላል። ነዳጅ የሚሞላው እሱ ነው። ከሁለቱ የተረፈው የቤቱ ነው። ኮሚሽን የሚመጣው በዚህ ላይ ነው፤ የሚሰላውም ከተረፈው ላይ ሳይሆን ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ነው።

ለስሌት ያህል አንድ ሹፌር በቀን 1,000 ብር ሠራ እንበል። ለነዳጅ 350፣ ለገቢ 350 ቢያወጣ 300 ብር ይተርፈዋል። ድርጅቱ ከጠቅላላው 15 በመቶ ቢቆርጥ 150 ብር ይሄዳል። በወረቀት ላይ 15 በመቶ የተባለው በሹፌሩ ኪስ ውስጥ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ነዳጅ ሲወደድና ታሪፉ ባለበት ሲቆይ ደግሞ ይህ ግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት ሰጪዎች በቴሌብር በኩል እንዲቀጥል ማድረጉ የዚህ ሒሳብ ክብደት ታውቆ ነው። ከድጎማው ዝርዝር ውጪ የሆነ ሹፌር ግን ጭማሪውን በሙሉ ይሸከማል።

ጎረቤቶቻችን በኮሚሽኑ ላይ ጣሪያ ለማበጀት ሞክረዋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ደንብ አገናኝ ድርጅቶች ከ18 በመቶ በላይ እንዳይቆርጡ ከልክላለች። ታንዛኒያ ጣሪያውን 15 በመቶ ስታደርግ ኡበር በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር አገልግሎቱን አቋረጠ፤ ጣሪያው ከተሻሻለ በኋላ በ2023 መጀመሪያ ተመለሰ። የታንዛኒያው ታሪክ ሁለት ነገር ያሳያል፦ ተቆጣጣሪ አካል ዋጋን መገደብ እንደሚችል፣ ድርጅቱም ካልተስማማው ማንንም ሳያስናብት፣ መኪና ሳይሸጥ በአንድ ቀን መውጣት እንደሚችል። መኪናውን በብድር የገዛው ሹፌር ግን የትም አይሄድም።

ሹፌሩ በሕግ ፊት ማን ነው የሚለውም አልተቋጨም። በእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የኡበር ሹፌሮች የራሳቸውን ንግድ የሚያካሂዱ ነጋዴዎች ሳይሆኑ ዝቅተኛ ክፍያና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ሲል ወስኗል። ከፍርዱ ምክንያቶች ዋነኛው ዋጋውን የሚወስነው ድርጅቱ መሆኑ ነበር። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ውል ላይ ለተመሠረተ ግንኙነት የወጣ ነው፤ በስምሪት የሚሠራ ሹፌር ደግሞ እንደ ራሱ ተዳዳሪ ስለሚቆጠር ቢታመም የሕመም ፈቃድ የለውም፤ ከመተግበሪያው ቢታገድም የስንብት ክርክር አያነሳም።

ባጃጅ በመቐለ

ባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ በአገራችን የምትጠራው በሠሪዋ፣ በሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ስም ነው። በአዲስ አበባ ዳር ዳሩን የምትሠራ፣ በ2015 ዓ.ም. ለጊዜው እስከ መታገድ የደረሰች ናት። በመቐለ ግን የከተማው ትራንስፖርት ዋና ጉልበት ናት፤ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያ ሥራ፣ ለብዙ ቤተሰብ የቀን ገቢ የሚገኝባት። ስለዚህ በመቐለ ስለ ዲጂታል ስምሪት መነጋገር ስለ አውቶሞቢል ሳይሆን ስለ ባጃጅ መነጋገር ነው።

ባጃጅ ሁለት ዓይነት ሥራ ትሠራለች። አንደኛው የመስመር ሥራ ነው፦ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አቅጣጫ አብረው ይሳፈራሉ፤ እያንዳንዱ ጥቂት ይከፍላል፤ በየመንገዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካዋል። ሁለተኛው ኮንትራት ነው። መተግበሪያ የሚመቸው ለኮንትራት ነው፤ አንድ ጠሪ፣ አንድ መነሻ፣ አንድ መድረሻ። ዲጂታል ስምሪት ቢስፋፋና ኮንትራት በጥሪ ያለማቋረጥ የሚገኝ ቢሆን ሹፌሩ ከመስመር ወደ ኮንትራት መሳቡ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ የሚጎዳው መተግበሪያውን የማይጠቀመው ሰው ነው፦ በጥቂት ብር ከገበያ ወደ ሰፈሩ ይመለስ የነበረው ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛና ቸርቻሪ መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በእኔ እይታ ከሁሉም ጥያቄዎች ቀድሞ ለመቐለ መነሳት ያለበት ይህ ነው፤ በአዲስ አበባ ብዙም ያልተነሳው እዚያ የመስመሩን ሥራ ሚኒባስና አውቶቡስ ስለያዙት ይመስለኛል።

ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የሞላባት የሕንዷ ቤንጋሉሩ ከተማ እዚህ ላይ ትምህርት ትሰጣለች። በዚያ የሚሠሩ ሹፌሮች በትላልቅ አገናኝ ድርጅቶች ኮሚሽን ተማረው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የሹፌሮች ማኅበር የተሳተፈበት ናማ ያትሪ የተባለ መተግበሪያ ሥራ ጀመረ፤ ስሙ በካንናዳ (Kannada) ቋንቋ «የእኛ ተጓዥ» ማለት ነው። መተግበሪያው ከጉዞ ሒሳብ ላይ ኮሚሽን አይቆርጥም። በኋላ ላይ ሹፌሩ በቀን 25 ሩፒ ወይም በጉዞ 3.50 ሩፒ እንዲከፍል ተደረገ። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ከላይ ያሰላነውን ለሚያስታውስ ግን ትልቅ ነው፦ ሹፌሩ የሚከፍለው ቁርጥ ገንዘብ ስለሆነ ብዙ በሠራ ቁጥር የሚተርፈው ይጨምራል። ኢንዶኔዥያዊው ጎጄክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር 20 ያህል ባለ ሞተር ብስክሌቶችንና አንድ የጥሪ ማዕከልን ይዞ ነበር፤ መተግበሪያው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በክፍለ ከተማ ደረጃ የተደራጁ የባጃጅ ማኅበራት በአንድ የጥሪ ማዕከል ቢጀምሩ ከእነዚህ ሁለቱ የራቀ ነገር አይሆንም።

ኔትወርክና ነዳጅ

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ በትግራይ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በታኅሣሥ ወር መቐለ ዳግም ከኢትዮ ቴሌኮም መረብ ጋር ተገናኘች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ገደማ የስልክ ስምሪት አገልግሎት በከተማዋ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይቆም ነበር። መንገድ ዳር የሚደረገው ድርድር ኔትወርክ አይፈልግም፤ ያንን ያቆመው የነዳጅ መጥፋት ነው፤ ሰው በእግሩና በብስክሌት ሄደ። ይህን ማንሳት የቴክኖሎጂ ተቃውሞ አይደለም። የከተማን ትራንስፖርት በሙሉ በአንድ መረብ ላይ ማንጠልጠል ምን ማለት እንደሆነ ከመቐለ ነዋሪ በላይ የሚያውቅ የለም ለማለት ነው። ለተራ የስልክ ድምፅ ጥሪ የሚሠራ፣ ያም ሲጠፋ ሹፌሩ ወደ ተራው የሚመለስበት አሠራር አብሮ መታሰብ አለበት።

ነዳጁ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል የኤሌክትሮኒክስ መንገዶች እንዲሆን ስለተደነገገ ሹፌሩ ወደደም ጠላም ወደ ዲጂታሉ ሒሳብ ገብቷል። ሆኖም በክልሉ ተደጋግሞ በሚታየው እጥረት ወቅት ሹፌሩ ከማደያ ሳይሆን ከጥቁር ገበያ በጀሪካን ይገዛል። የመተግበሪያ ታሪፍ የሚሰላው በማደያ ዋጋ ነው። ድርድር ቢሆን ሹፌሩ «ነዳጅ እኮ በእጥፍ ነው የገዛሁት» ብሎ ይከራከራል፤ ተሳፋሪውም የከተማውን ሁኔታ ስለሚያውቅ ይረዳዋል። ስሌቱ ግን ጀሪካንን አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሹፌሮች ጥሪውን ከተቀበሉ በኋላ ለተሳፋሪው ደውለው ከስሌቱ ውጪ ዋጋ ይጠይቃሉ ወይም ስልካቸውን ያጠፋሉ፤ ቀርቷል የተባለው ድርድር በጓሮ በር ይመለሳል። ታሪፉን በነዳጅ አቅርቦት ልክ በየጊዜው የሚያሻሽል፣ ሹፌሮችና የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚሳተፉበት አካል ከሌለ መተግበሪያው በእጥረት ወቅት ባዶ ካርታ ያሳያል።

ከገጠር የመጣ ተሳፋሪ

ቀዳማይ ወያነ ስሙን የወረሰው በ1935 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው የትግራይ ገበሬዎች አመፅ ነው፤ ዛሬም ገበያው በገበሬው የቆመ ነው። ከዙሪያው ወረዳዎች ዶሮ፣ እንቁላል፣ ማር፣ እህልና በለስ ይዞ የሚገባ ሰው ከመናኸሪያ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ወፍጮ ቤት ባጃጅ ይይዛል። ይህ ተሳፋሪ በዲጂታል ስምሪት ንድፍ ውስጥ አይታይም። የያዘው ስልክ ተራ ነው፤ የሚናገረው ትግርኛ ነው፤ መድረሻውን የሚያውቀው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በነጋዴው ስም ነው። ጭነቱም ሒሳብ አለው፦ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የያዘ ሰውና ቦርሳ ብቻ ያንጠለጠለ ሰው ለመተግበሪያው አንድ ተሳፋሪ ናቸው፤ ለባጃጇ ሞተር ግን አይደሉም። በድርድሩ ጭነት የሚታየው በዓይን ነው።

እንግዳ ነው ተብሎ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠየቀውም በአብዛኛው ይኸው ሰው ስለሆነ የታወቀ ታሪፍ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው። ለዚህ መተግበሪያ እስኪመጣ መጠበቅም አያሻም፤ ከመናኸሪያና ከገበያ በር ላይ የየአቅጣጫው ዋጋ፣ የጭነቱ ጭምር፣ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀል ሥራው ግማሹ ተሠርቷል። ምርት ገበያው የዋጋ ሰሌዳዎችን በየገጠሩ ከተማ ሲተክል ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የጉዞ መዝገብ

እያንዳንዱ ጉዞ ሲመዘገብ ማን፣ ከየት ተነስቶ፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደወረደ አብሮ ይመዘገባል። ለዕቃ ፍለጋና ለወንጀል ምርመራ ይጠቅማል። መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን ጠይቆ ሊያየው እንደሚችል ግን ጦርነት ባለፈበት ከተማ ተራ ጥያቄ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት የሰበሰበበትን ዓላማ እንዲገልጽና ከዚያ ውጪ እንዳይጠቀምበት ያስገድዳል። የስምሪት አገልግሎት ለመስጠት ፈቃድ የሚጠይቅ ድርጅት ይህን ግዴታ በምን እንደሚወጣ በጽሑፍ እንዲያቀርብ መጠየቅ የፈቃድ ሰጪው ሥራ ነው።

ከሁሉ ቅርብ የሆነው ግን የስልክ ቁጥሩ ነው። በአገራችን አሠራር ሹፌሩ ተሳፋሪውን ለማግኘት በቀጥታ ይደውላል፤ ቁጥሩም ከጉዞው በኋላ በስልኩ ውስጥ ይቀራል። በሌሎች አገሮች አንዳንድ ድርጅቶች ጥሪው በራሳቸው መሥመር በኩል እንዲያልፍና ሁለቱም ቁጥሮች እንዳይታዩ ያደርጋሉ። ይህ እስኪደረግ ድረስ፣ ቁጥሯን ከጉዞው በኋላ እየደወለ የሚያስቸግራት ሹፌር ያጋጠማት ተሳፋሪ የጉዞውን ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም የሰሌዳ ቁጥሩን ይዛ ለድርጅቱ የጥሪ ማዕከል ማመልከት፣ ካልቆመም ለፖሊስ ማሳወቅ ትችላለች፤ ጉዞው ስለተመዘገበ ሹፌሩ ማን እንደሆነ አይጠፋም።